የባሕር ዓሣ ክትፎ በአዳነ ቤት

«የባሕር ዓሣ ትል የለውም። ባሕሩ ራሱ ጨው ነው፤ ጨው ውስጥ ደግሞ ትል አይኖርም።»

ይህን የሚለው አዳነ ነው። ጠዋት ፀጉር ቤት ይለዋል፣ ረፋድ ላይ ባጃጅ ተራ ይለዋል፣ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ነጠላውን እያጣፋ ይለዋል። እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ቡታጅራ ሰምታ ታልፈው ነበር። አዳነ ግን አባቱ ከአገና መጥቶ የከፈተውን ክትፎ ቤት ወርሶ ሠላሳ ዓመት ያቆመ ሰው ነው፤ ስለ ጥሬ ነገር እሱ ካለ አለ ነው። ወሬው እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሁለተኛ ግማሽ አለው፦

«ትል የሚፈላው ሩፋይዳ ቤት ነው። የሐይቅ ዓሣ ነዋ!»

ሩፋይዳ እኔ ነኝ።

ዓሣ ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ወደ ዝዋይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር። ቆሮሶ ብቻ ነው የምጠብሰው፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለው የማይነኩ ጿሚዎች ስለነበሩኝ ደጄን አላስረግጠውም። ጠረጴዛዬ አንድ ነው፤ ረጅም፣ አሥራ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ። በዚህ ከተማ ክርስቲያኑ መስቀል ወደተሳለበት ሥጋ ቤት ይገባል፣ ሙስሊሙ ጨረቃ ወደተሳለበት። ሠላሳ ዓመት አጥር የተጋሩ ጎረቤታሞች እንኳ ሠርግ ላይ ከሁለት ድስት ነው የሚበሉት። ዓሣ ግን ማን አረደው፣ ምን ተብሎ ታረደ አይባልም። ከውኃ ሲወጣ ይሞታል፣ አለቀ። ስለዚህ ቡታጅራ ውስጥ ሁለቱም እጃቸውን ወደ አንድ ትሪ የሚሰዱበት ጠረጴዛ የእኔ ብቻ ነበር። ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቶኛል። በዚህ ግን የበለጠ እኮራ ነበር። በገና ጾም፣ በአርባ ሦስቱ ቀን የምሠራው ነው ቤቱን ዓመት የሚያቆመው። ጾሙ ባዶ ከሄደብኝ ጠረጴዛው የለም ማለት ነው።

ከጠረጴዛው የማይጠፉ ሁለት ሰዎች ነበሩኝ። አንዱ ጋሽ ሙስተፋ ነው፤ ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየሰበሰበ የሚነግድ። ሌላው መምህር ሽባባው ነው፤ በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ፣ ባዮሎጂ ሲያስተምር እዚሁ ሸበተ። በጾም ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ትሪ ያዛሉ፤ ትሪው ሳይደርስ ስድቡ ይጀመራል።

«ይኸው፣ ሥጋውን ወሰድክና አጥንቱን ገፋህልኝ» ይላል ጋሽ ሙስተፋ። «የመንግሥት ሠራተኛ ድሮም እንዲህ ነው!»

«አንተን የዓሣ አጥንት ምን ያደርግሃል? በርበሬ ውስጥ ጡብ ፈጭቶ የሚቀምስ ጥርስ!»

ሽንኩርት የምትልጠው ልጅ ድረስ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ የዓሣው ዘይት ላይ ነው ዓይኔ። ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት መምህር ሽባባው ቀረ። ከእሱ ጋር የግብርና ቢሮዎቹ ቀሩ፣ ከዚያ የባንኮቹ ልጆች ቀሩ። አሥራ ስድስት ሰው የሚያስቀምጠው ጠረጴዛ ላይ አራት ሰው ሲቀመጥ ጠረጴዛው ራሱ ያፍራል።

የሄዱት አዳነ ጋ ነው። ክትፎ ቤት በጾም የሚያዛጋ ቤት ነው፤ አስተናጋጆቹ ደጅ ተቀምጠው መንገደኛ ይቆጥራሉ። በዚያ ዓመት ግን አዳነ በሩ ላይ ሸራ ሰቀለ፦ «የባሕር ዓሣ ክትፎ። ከጅቡቲ በቀጥታ የመጣ። በረዶ ያልነካው።» ጀርባው ሰማያዊ የሆነ፣ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ነው። ሥጋውን እንደ በሬው ሻኛ በስል ቢላዋ ያደቁታል፤ በቅቤ ፋንታ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ዘይት ያፈሱበታል፤ ሚጥሚጣውን ነስንሰው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ በኮባ ቅጠል ላይ ከቆጮና ከጎመን ጋር ያቀርቡታል። ጥሬውን። ለብለብ እንኳ አይደለም። አዳነ ቤት ለብለብ የሚያዝ ሰው ራሱ እንደ ታማሚ ነው የሚታየው።

እኔን ያቃጠለኝ የወሬው ሁለተኛ ግማሽ ውሸት አለመሆኑ ነው። ቆሮሶ ትል አለው። ሁሉም ላይ አይደለም፤ አንዳንዱ ላይ ከጉሮሮው አካባቢ ብጫ፣ ወፍራም ክር የመሰለ ትል ይገኛል። ይህን ቡታጅራ ውስጥ ጮክ ብዬ የተናገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ቀን ደንበኞቼ ፊት በጉጠት መዝዤ አውጥቼ፣ «ይኸውላችሁ፤ አጥቤ፣ አውጥቼ፣ እስኪበስል ጠብሼ ነው የማበላችሁ» አልኩ። ሰው ትሉን ይዞ ሄደ፣ ጥብሱን ትቶልኝ። እውነት መናገር ጥሩ ነው የሚሉ ሰዎች ምግብ ሸጠው አያውቁም።

ከዘጠነኛ ክፍል ያወጣኝ የመንገዱ ርቀት እንጂ የአእምሮዬ ማነስ አይደለም። የሚቀረውን በስልክ ተምሬዋለሁ። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እያታገልኩ፣ የማይገባኝን ገጽ አምስት ጊዜ እያነበብኩ። የሐይቁን ትል ስለማውቅ የባሕሩን ለማወቅ አንድ ሳምንት በቃኝ። ከዚያ ሄድኩ።

አዳነ በረንዳው ላይ ከደንበኞቹ ጋር ቆሟል።

«እንዴት ዋሉ ጋሽ አዳነ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደግሞ ዛሬ ምን አነበብሽ?» አለና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «የስልክ ዶክተራችን መጣች፤ ሆዱን የቆረጠው ይሰለፍ!»

ሳቁ።

«የባሕር ዓሣ ትል እንዳለው አነበብኩ» አልኩ። «አኒሳኪስ ይባላል። ዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ አድጎ ይጥላል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ባሕር ይገባል። ትንንሽ የባሕር ነፍሳት ይውጡታል፣ እነሱን ዓሣ ይበላቸዋል። ዓሣው ሆድ ውስጥና ሥጋው ላይ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሰው ጥሬውን ሲበላው ትሉ ዓሣ ነባሪ ሆድ የገባ መስሎት የሰውየውን ጨጓራ ለመብሳት ይነሳል። ሰዓታት ሳይቆይ ሰው ሆዱን ይዞ ይጮሃል።»

«ዓሣ ነባሪ!» አለ አንዱ። «ነቢዩ ዮናስን የዋጠው ነው?»

«ዮናስ ቢያንስ ጥሬ አልበላም» አልኩት። «የተበላው እሱ ነው።»

አዳነ አልሳቀም። «ባሕር ጨው ነው» አለ። «ሎሚው አለ። ሚጥሚጣው አለ። ምን ዓይነት ትል ነው ይህን ሁሉ የሚችል?»

«ጨው ውስጥ የተወለደ ትል ነዋ! ጨው አገሩ ነው። ሎሚም ሚጥሚጣም አይገድሉትም። የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እሳትና ከባድ በረዶ። ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ላይ ሰባት ቀን ከከረመ ይሞታል። ከሞተ በኋላ ጥሬውን ቢበላ እንኳ ጨጓራ አይበሳም።» ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ ለክብሩ ብዬ። «ስለዚህ ጥያቄዬ አንዲት ናት ጋሽ አዳነ። ዓሣዎ በረዶ ቤት ከርሟል ወይ? ከርሟል ካሉኝ እዚሁ ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቄ እመለሳለሁ።»

አዳነ መልስ ከመስጠቱ በፊት ደንበኞቹን አየ። አንድ በአንድ አያቸው። እነሱም እሱን አዩት፤ ለክትፎ ቤት የከረመ ሥጋ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ በረንዳ ላይ የማያውቅ አልነበረም። ጠዋት ያልታረደ ነገር ጥሬውን የሚያቀርብ ቤት ቢዘጋ ነው የሚሻለው እየተባለ ያደገ ሰው ነው አዳነ።

«ይህ ክትፎ ቤት ነው የሬሳ ክፍል?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ። «የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ! በዚህ ቤት የከረመ ነገር ተከትፎ አያውቅም። ከትናንት በስቲያ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ የነበረ ዓሣ ነው። አሁን ሂጂልኝ፤ የአንቺን ትል እዚያው ጥበሺ።»

ሄድኩለት። ሰው በአባቱ አጥንት ሲምል ሰምቼ መልስ አልሰጥም። መሐላውንም አመንኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ መምህር ሽባባው ብቅ አለ፤ ለመብላት ሳይሆን ሻይ ለመጠጣት። ፊቱ አመድ መስሏል፣ አንድ እጁ ሆዱ ላይ ነው። ጋሽ ሙስተፋ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አንገቱን አቀረቀረ፤ አኩርፎ ነበር።

«አዳነ ጋ በልተው ነው» አልኩት።

«የቆየ ጨጓራዬ ነው ልጄ። አሥር ዓመት አብረን ኖረናል።»

«አሥር ዓመት ሙሉ እዚህ ሲበሉ አንድ ቀን አልተነሳብዎትም። አዳነ ጋ በሄዱ በሳምንቱ ናፍቆት ቀሰቀሰው?»

«ሩፋይዳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ትል መጽሐፋችን ውስጥ የለም።»

«መጽሐፍዎ ውስጥ ያሉት ኮሶና ወስፌ ናቸው። እሱን ያሳተመ ሰው ባሕር አይቶ ያውቃል? እርስዎ ደብተር ያርማሉ መምህር፤ እኔ ሆድ ዕቃ ነው የማርመው።»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ጋሽ ሙስተፋ ከኋላው እያየ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሩፊ፣ ልጄ፣ ተዪው። ሰውዬው ጿሚ ነው የሚያበላው። የጾም ቤት ገብተሽ ብትረብሺ ነገሩ ስለ ዓሣ መሆኑ ይቀራል። ሌላ ስም ያወጡለታል።»

«ሰው እየታመመ ነው ጋሽ ሙስተፋ።»

«አንቺን ያመመሽ ሰው ነው ወይስ ባዶ ወንበር?»

ሁለቱም ነበር። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። «ወላሂ እሄዳለሁ» አልኩ።

ረቡዕ ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ አዳነ ቤት መቀመጫ በጠፋበት ሰዓት ገባሁ። ነጭ ሰሐን፣ መርፌ፣ በፔርሙዝ ለብ ያለ ውኃ ይዤአለሁ። ለብ ያለ ውኃ የያዝኩበት ምክንያት አለኝ፤ ትሉ ሕያው ከሆነ ሙቀት ሲነካው ይነቃል ይላል ያነበብኩት። መክተፊያው በጓሮ በር በኩል ይታያል። እዚያ ብርቄ አለች፤ ከትፋ የምታበላቸው እሷ ነች፣ ዓመቱን ሙሉ በሬ፣ አሁን ዓሣ።

«ብርቄ፣ እኅቴ፣ ሆድ ዕቃውን የት ነው የምትጥዪው?»

ብርቄ አዳነን አላየችም። ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። «ክር ክር ይላል» አለች በሹክሹክታ። «ብነግረው ዝም በዪ አለኝ።»

ከባልዲው የዓሣ ጉበትና የሆድ ሥጋ አንስቼ መሐል ጠረጴዛ ላይ፣ የሰው ምሳ አጠገብ ዘረጋሁት። የስልኬን መብራት በሥር በኩል አበራሁበት። ብርሃኑ ሥጋውን ሲያሳልፈው ታየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ነጫጭ፣ ቀጫጭን፣ ጥቅልል ያሉ። በመርፌዬ እየለቀምኩ ሰሐኑ ላይ አኖርኳቸው። ስልኮች ወጡ።

«ጅማት ነው!» ብሎ አዳነ ከባንኮኒው ጀርባ መጣ። «የዓሣ ጅማት ነው፣ አትስሟት!»

ከፔርሙዙ ለብ ያለውን ውኃ አፈሰስኩባቸው። ጠበቅኩ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።

«ይንቀሳቀሳል?» አለ አንድ ባንክ የሚሠራ ልጅ።

አልተንቀሳቀሰም። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ጊዜ ይፈልግ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ውኃው ቀዝቅዞ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሰሐኑን በአውራ ጣቴ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘመም አደረግኩት። ውኃው ሲሄድ ሦስቱም አብረው ተንሸራተቱ።

«ተንቀሳቀሰ!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። «ኧረ በስመ አብ! ተንቀሳቀሰ!»

ዝም አልኩ። ያን ቀን በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የከፋው ያ ዝምታ ነው፤ እንኳን ያኔ አሁንም ለሰው አልናገረውም፣ ስለጻፍኩት ነው የወጣው።

«ጅማት ነው እያልኩ!» አለ አዳነ። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገትሯል። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ሳታሳድግሽ ነው እንዴ...»

እዚህ ላይ አንቱታውን ጣልኩት። «ጅማት ከሆነ ዋጠው» አልኩት። «ዋጠዋ! በአባትህ አጥንት የማልክለት ዓሣ አይደለም? ዋጥ!»

አዳነ ሰሐኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ። በዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ፈለግኩ፣ አጣሁ። የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ መናገር እየፈለገ አፉ እንደታሰረበት ሰው። በሁለት ጣቱ አንዷን ትል አነሳ፣ ከአጠገቡ ካለው ጣባ ሚጥሚጣ ነካ አደረጋትና ዋጣት። ከዚያ ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። አፉን በነጠላው ጠረገ።

«በል እንግዲህ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ይኸው ቆሜአለሁ።»

ጮኻ የነበረችው ሴት ጠረጴዛው ላይ አስመለሰች። ወንበር ተገለበጠ። የባንኩ ልጅ ስልኩን ከፊቴ ላይ አላወረደም።

ቪዲዮው በማግስቱ ወልቂጤ ደረሰ፣ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ። «ትል የሚውጠው የክትፎ ቤት ባለቤት» አሉት። ከጤና የመጡ ሰዎች በሩን ለአሥር ቀን አሸጉት፤ ከአሥር ቀን በኋላ ሲከፍት የገባ ሰው የለም። ገና መጣ። ጾም ተፈታ፣ በሬ ታረደ፣ የአዳነ ቤት ባዶ ነው። ሰው እጁን አይቶ ሥጋውን አልበላ አለ። አባቱ የከፈተው ቤት በጥር መጨረሻ ተዘጋ፤ አሁን የሞባይል መሸጫ ነው። እሱ ወደ አገና ተመለሰ አሉ፤ እንሰት ይተክላል፣ ከሰው ጋር ብዙም አያወራም።

አልዋሽም፤ እስኪታመም ጠብቄው ነበር። ዛሬ ሆዱን ይይዛል፣ ነገ ይይዛል ብዬ። ዓይኔን ከቤቱ አላነሳሁም። አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም። «ሆዱ ብረት ነው» አሉ ሰዎች። እኔም ብረት ነው አልኩ፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ወንበሮቼ ይሞላሉ ብዬ ነበር። ዘይት በእጥፍ ገዛሁ፣ ከዝዋይ የሚያመጣልኝን ሰው ሁለት ሣጥን ጨምር አልኩት። ማንም አልመጣም። ቪዲዮው ላይ የባሕር ነው የሐይቅ ነው የሚል ጽሑፍ የለም። ያለው ዓሣ ነው፣ ትል ነው፣ የእኔ ፊት ነው። እኔ ለዓለም ያሳየሁት የአዳነን ዓሣ አልነበረም ለካ፤ ዓሣን ነው ያሳየሁት። ሴቶች በመንገድ ሲያዩኝ ልጆቻቸውን «ያቺ የትሏ» ብለው ያሳዩኛል። ጋሽ ሙስተፋ የፈራውም አልቀረም፤ «ሙስሊሟ ልጅ የጿሚውን ገበታ አረከሰችው» የሚል ሹክሹክታ አንድ ሰሞን ዞረ፣ እሱ ራሱ ሽማግሌ ይዞ ከየቤቱ እየሄደ አበረደው። አንድ ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

መምህር ሽባባው አሁን መስቀል ያለበት ቤት ይበላል። ጋሽ ሙስተፋ ጨረቃ ያለበት ቤት ይበላል። መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ይባባላሉ። እንዲያ እየተሰዳደቡ የኖሩ ሰዎች ደህና ነህ ሲባባሉ መስማት ያማል። የካቲት ላይ ጠረጴዛዬን ፎቶ ኮፒ ቤት ለከፈተ ሰው ሸጥኩት። በሩ ስላላስገባው እግሮቹን ነቅለው ወሰዱት።

ወልቂጤ መጣሁ። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ሳምቡሳና ድንች እጠብሳለሁ። ተማሪዎቹ አያውቁኝም፤ ካወቁኝም ሳምቡሳ ትል የለውም።

ግንቦት ላይ አንድ አይሱዙ ከፊቴ ቆመ። ጎልማሳ ሾፌር ወረደ።

«አሰላሙ አለይኩም። አምስት ሳምቡሳ፣ ምስር ያለው።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ሁሉም ምስር ያለው ነው።»

ሁለተኛውን እየበላ አፈጠጠብኝ። «አንቺ... የቡታጅራዋ ልጅ አይደለሽም? የሰሐኗ?»

«ነኝ። ትል ፈልገህ ከሆነ የለኝም።»

ሳቀ። ዑመይር እባላለሁ አለኝ። «ያንን ዓሣ የማመላልሰው እኮ እኔ ነበርኩ።»

መጥበሻውን ከእሳቱ አወረድኩ። «ከጅቡቲ?»

«የምን ጅቡቲ! ጅቡቲን አይቼ አላውቅም። ከአዲስ አበባ፣ ከበረዶ ቤት ነዋ የምጭነው። እንደ ድንጋይ የጠጠረ፤ ሲወድቅ ወለል ይሰብራል። ቡኢ ስደርስ ጋሽ አዳነ መንገድ ላይ ይጠብቀኛል፤ ሸራ ዘርግተን ፀሐይ ላይ እናቀልጠዋለን። በረዶው ሙልጭ ብሎ ሳይጠፋ ወደ ቡታጅራ አያስገባውም። "የአዳነ ቤት የከረመ ነገር ያበላል ከሚባል ብሞት ይሻለኛል" ይለኝ ነበር። አንዴማ፣ ያ ነገር ሊፈጠር አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ይመስለኛል፣ ብቻውን እየሳቀ አገኘሁት። "ዑመይር፣ ያቺ ልጅ ያነበበችው እውነት ከሆነ የእኛ ዓሣ ከእሷ ጥብስ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ግን ለማን ይነገራል?" አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። አሁን እሱም ዘጋ፣ እኔም እህል ነው የምጭነው፤ ምን ቸገረኝ።»

«ውሸትህን ነው» አልኩት።

«እኔ ላንቺ ምን ብዬ እዋሻለሁ? ለኬላ ፍተሻ የሰጡኝ ወረቀት እስካሁን መኪናው ውስጥ አለ።»

ሄዶ ከዳሽቦርዱ ውስጥ፣ በጋራዥ ደረሰኞች መሐል ሲፈልግ ቆይቶ፣ ጫፉ ዘይት የነካው አንድ ወረቀት አምጥቶ ዘረጋልኝ። የበረዶ ቤቱ ማህተም አለበት። አነበብኩት፦

«የዕቃው ዓይነት፦ ዓሣ፣ ያልተዘረገፈ። የገባበት ቀን፦ መስከረም 28። የወጣበት ቀን፦ ኅዳር 19። የክፍሉ ቅዝቃዜ፦ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ።»